«እማዬ፣ ሦስት ጊዜ ነው ያስነሳሽው!»

ክረምት ሲመጣ በየቤታችን የምናደርገው ዝግጅት አለ። የሚያፈስ ጣሪያ ይታያል፣ ጃንጥላ ይፈለጋል፣ የልጆች ቦት ጫማ ከአልጋ ስር ይወጣል። እኔ ግን ካለፈው ዓመት ሰኔ ወዲህ አንድ ነገር ጨምሬያለሁ፤ መኪናዬ ውሃ ውስጥ ከጠፋች እጄን ከቁልፉ ላይ ማንሳት። ቀላል ነገር ይመስላል። ይህችን ቀላል ነገር ለመማር የከፈልኩት ግን የሁለቱን ልጆቼን የዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ ያህል ነው።

መሥሪያ ቤቴ ካዛንቺስ፣ ቤታችን ደግሞ ቂርቆስ ነው። ልጆቹ የመጨረሻ ፈተናቸውን በጨረሱበት ቀን ከትምህርት ቤት ወስጃቸው ስንመለስ ሰማዩ ተቀደደ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ግማሽ ሰዓት ያህል ወረደብን። ከተማችን ተዳፋት ላይ ናት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርሱ ከፍታው ወደ 2,300 ሜትር ይወርዳል። ላይ የዘነበው ሁሉ ወደ ታች ይመጣል። የውሃ መውረጃው በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ሲደፈን ደግሞ አስፋልቱ ራሱ ወንዝ ይሆናል።

መስቀል አደባባይን አልፈን ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ፣ መንገዱ ዝቅ የሚልበት ቦታ ላይ ውሃ ተኝቷል። ከፊቴ አንድ ሚኒባስ ታክሲ ውሃውን እየሰነጠቀ አለፈ። «እሱ ካለፈ እኔ ምን ያቅተኛል?» ብዬ ተከተልኩት። የእኔዋ ግን ዝቅ ያለች የቤት መኪና ናት። መሃል ስደርስ ከወዲያ የመጣ ትልቅ መኪና ማዕበሉን ገፋብኝ፤ ውሃው ኮፈኑ ላይ ወጣ፤ ሞተሩም አንዴ ተንገጫግጮ ዝም አለ።

ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠዋል። ውሃው በበሩ ስር መግባት ጀምሯል። የኋላው ሰልፍ ጥሩምባ ይነፋል። ዳር ላይ መኪና የሚገፉ ወጣቶች ቆመው ነበር። አንደኛው ሱሪውን ጠቅልሎ መጣና መስኮቱን እያንኳኳ፣ «እናት፣ እንዳታስነሻት! ውሃ ጠጥታለች፣ እንግፋልሽ!» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ገንዘብ ፈልጎ ነው ብዬ አሰብኩ። መስኮቱን እንኳ አላወረድኩለትም። ቁልፉን አዞርኩ፤ «ጠቅ» ብሎ ቀረ። ደገምኩ፤ አሁንም «ጠቅ»። በሦስተኛው ተነሳች! «ተመስገን» ብዬ ሳልጨርስ ከውስጥ ብረት በመዶሻ የሚቀጠቀጥ የሚመስል ድምፅ መጣና ጠፋች። በመጨረሻ ገፍተው ያወጡን እነዚያው ወጣቶች ናቸው። ትንሿን ልጄን አቅፎ ደረቅ ቦታ ያደረሳትም ያ መስኮት የዘጋሁበት ልጅ ነው።

ማታ ለባለቤቴ «ውሃ ውስጥ ጠፋችብኝ፣ ገፍተው አወጡን» ብቻ አልኩት። መኪናዋን የገዛናት ለዓመታት ቆጥበን ነው። ስለ ቁልፉ ለመናገር አፌ አልታዘዝ አለኝ።

በማግስቱ አስጎትተን ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ እስከ 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ውስጥ የጀልባ ሞተር ሲጠግኑ የነበሩ። የአየር ማጣሪያውን አውጥተው ጨመቁት፤ ውሃው ተንጠባጠበ። «ልጄ፣ ከጠፋች በኋላ ለማስነሳት ሞክረሻል?» አሉኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ቆሟል። «ኧረ አልሞከርኩም» አልኩ። ይሄኔ የስምንት ዓመቱ ልጄ፣ «እማዬ፣ ሦስት ጊዜ ነው ያስነሳሽው! እኔ ቆጥሬያለሁ» አለ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። መካኒኩ ግን አልተቆጡም። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ አመጡና ለልጄ ሰጡት። «አፉን በጣትህ ድፈንና ግፋው» አሉት። ውስጡ አየር ነበርና እየጠበበ ሄደለት። ከዚያ ውሃ ሞልተው ሰጡት። ልጁ ፊቱ እስኪቀላ ገፋ፤ ንቅንቅ አላለም። «የእናትህ ሞተር የገጠመው ይኸው ነው» አሉት።

ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ የሳበውን አየር ወደ አንድ አሥረኛው ገደማ ይጨምቀዋል። ውሃ ግን አይጨመቅም። ፒስተኑ ግድግዳ የመታ ያህል ይቆማል፤ ከታች የሚገፋው ቢዬላ ይጣመማል። በፍጥነት ላይ ከሆነ ተሰብሮ የሞተሩን ጎን ሊበሳ ይችላል። ባለሙያዎች ሃይድሮሎክ የሚሉት ይህንን ነው። እርሳቸው እንደነገሩን ጀልባ ላይ ውሃው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በጭስ ማውጫው በኩል ነው። ሞተሩ አልነሳ ሲል ደጋግመው ከሞከሩት ፓምፑ ለማቀዝቀዣ የሚሆነውን ውሃ መሳቡን ይቀጥላል፤ የሚገፋው ጭስ ስለሌለ ውሃው ተጠራቅሞ ወደ ሲሊንደሩ ይመለሳል። «መንገዱ ይለያያል እንጂ ጥፋቱ አንድ ነው፤ ችኮላ» አሉን።

ሞተሩ ሲፈታ ጤነኛውንና የተጣመመውን ቢዬላ ጎን ለጎን አስቀምጠው አሳዩኝ። ልዩነቱ ለዓይን እንኳ አይሞላም። ገና ስትጠፋ ትቻት ቢሆን ኖሮ ካንዴላዎቹን ፈትቶ ውሃውን ማስወጣት፣ ዘይትና ማጣሪያ መቀየር ሊበቃት ይችል ነበር።

ስለዚህ እናንተ የኔን አትድገሙት። ውሃው ከጎማችሁ ግማሽ በላይ መስሎ ከታያችሁ አትግቡ፤ ጥልቀቱን ካላወቃችሁም ዞራችሁ ሂዱ። የሚፈስ ውሃ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል። ሞተሩ ከጠፋ ቁልፉን አትንኩ፤ አስቀድማችሁ ልጆቹን አውጡ፣ ከዚያ መኪናዋን አስገፏት። የዘይት መለኪያውን ስታወጡ ዘይቱ የማኪያቶ መልክ ካለው ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። የመድን ውላችሁንም ከክረምት በፊት አንብቡ፤ ስለ ጎርፍ ምን እንደሚል ጠይቁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ያለችንን መንከባከብ ግድ ነው።

ባለቤቴ ያን ዕለት ከጋራዡ ስንወጣ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ቢዬላ ይገዛል፤ ለምን ደበቅሽኝ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅሁት። ለልጄም እውነት በመናገሩ አመሰገንኩት፤ እኔን ማጋለጡ ቢያሳፍረኝም።

ሌላ ይቅርታም ቀርቶብኝ ነበር። መኪናዋ ተሠርታ በወጣች በሳምንቱ ያንን ወጣት እዚያው ቦታ አገኘሁት። መስኮቱን አወረድኩና፣ «ወንድሜ፣ ያን ቀን አልሰማሁህም፤ ይቅርታ» አልኩት። ሳቀ። አሁን ባለፍኩ ቁጥር እጁን እያወዛወዘ ይጠራኛል፦ «እናት፣ ዛሬ አስነሻት፤ ደረቅ ነው!»