ሶክስሌት ሲንቆረቆር ባደረበት ዘመን

እናንት የዘመኔ የላቦራቶሪ ሰዎች፣ ሶክስሌት ሲንቆረቆር ያደረባቸውን ሌሊቶች መቼም አልረሳችኋቸውም። 10 ግራም ናሙና በወፍራሙ የወረቀት ቱቦ ጠቅጥቀን፣ ከታች በብልቃጡ 300 ሚሊ ሊትር ሶልቨንት፣ ማሟሟያ ፈሳሽ፣ ሞልተን ማሞቂያውን ስንከፍተው፣ ትነቱ ሽቅብ ወጥቶ፣ ማቀዝቀዣው ላይ ወርዝቶ፣ ጠብ ጠብ እያለ ቱቦውን ሞልቶ፣ ድንገት በዚያች ቀጭን የብርጭቆ ክርን በኩል ጉርርር ብሎ ሲወርድ እንዴት ደስ ይል ነበር! በሰዓት ከ4 እስከ 6 ጊዜ እንዲህ እየተመላለሰ 16 ሰዓት፣ ሲብስም 24 ሰዓት ይቆያል። ፍራንዝ ፎን ሶክስሌት እ.ኤ.አ. በ1879 የወተት ስብ ለመለካት ብሎ የሠራት፣ የምንፈልገውን ከናሙናው በሶልቨንት አጥባ የምታወጣ ዕቃ ናት፤ እስከ ዛሬም ድረስ ከእሷ የሚያምር የብርጭቆ ዕቃ አላየሁም።

ውኃውስ! ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ የቧንቧ ውኃ ይጠጣል። በደቂቃ 1 ሊትር ብቻ ነው ብንል እንኳ በ16 ሰዓት 960 ሊትር፣ ንጹሕ ሆኖ ገብቶ ንጹሕ ሆኖ ወደ ፍሳሽ! ቧንቧው ድንገት የተቋረጠ እንደሆነ ደግሞ "ውኃ ሄደች!" የሚል ጩኸት ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማል፤ ሁላችንም ወደየማሞቂያችን እንሮጣለን፤ የሶልቨንቱ ትነት ክፍሉን ሳይሞላው ለመድረስ። የሩጫው ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

የውኃ ናሙና ሲሆን ደግሞ ያቺ ሆደ ሰፊ መለያ ፈነል ትመጣለች። 1 ሊትር ውኃ፣ በላዩ 60 ሚሊ ሊትር ዳይክሎሮሜቴን፤ በሁለት እጅ አቅፎ መነቅነቅ፣ ገልብጦ ቧንቧዋን ከፈት አድርጎ "ጲስ!" ማስተንፈስ፣ ታች የረጋውን መቅዳት፣ እንደገና 60፣ እንደገና 60። ክንዳችን እንዴት ጠንክሮ ነበር! ከዚያ ያንን ሁሉ አትንነን አትንነን 1 ሚሊ ሊትር እናደርገዋለን። ከዚያች ላይ የመመርመሪያ ማሽኑ የሚቀምሰው 1 ማይክሮ ሊትር ነው። የተነነው የት ሄደ? ጥቂቱ ወደ እኛ ሳንባ፣ ብዙው ወደ ሰማይ። ያን ጊዜ ግን የምንጠየቀው ሌላ ነበር፤ ውጤቱ ትክክል ነው ወይ? ሲደገም ይገጥማል ወይ? እነዚህን ከመለስን ጨርሰናል።

ብርጭቆ ማጠቢያውን አስታወሳችሁት? ፖታሺየም ዳይክሮሜትና ሰልፈሪክ አሲድ የተቀላቀለበት፣ ያ ጠይም ብርቱካናማ ገንዳ! አንድ ጠብታ የነካው ጋዋን በሳምንቱ ቀዳዳ ያወጣል፤ በጋዋኑ ቀዳዳ ብዛት የሰው አገልግሎት ይታወቅ ነበር። ፒፔት በአፍ የሚሳብበት፣ ቤንዚን የተባለው (የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን ኬሚካሉ) ያ ጣፋጭ ሽታ ያለው ሶልቨንት በክፍት ቢከር ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥበት ዘመን ነበር። ዛሬ የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ከትነት መሳቢያው (ከሁድ) ውጭ ክፈቱት ብትሏቸው ጥለው ይወጣሉ!

አሁንስ? አሁንማ ልጆቹ 10 ግራም የተፈጨ አትክልት በአንዲት የፕላስቲክ ቱቦ ይጨምራሉ፣ 10 ሚሊ ሊትር አሴቶናይትራይል ያክላሉ፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ማለት እኮ ነው! 4 ግራም ማግኒዚየም ሰልፌትና 1 ግራም ጨው ጣል አድርገው አንድ ደቂቃ ይነቀንቋታል፤ ማግኒዚየም ሰልፌቱ ውኃውን ሲጠጣ ቱቦዋ መዳፍ ላይ ሙቅ ትላለች። ወደ ሴንትሪፊውጅ፣ ትንሽ ማጥራት፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣችው ኬቸርስ የምትባለው ዘዴ ናት። እንደ ቡና ላለ ደረቅ ነገር ናሙናውን ቀንሰው ውኃ ይጨምሩለታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ ብላ ገበያውን ስታናውጠው፣ ቶሎና በብዛት መመርመር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አገር ሁሉ ያወቀ ይመስለኛል። በሶክስሌት ስንት ከረጢት ይመረመራል?

ሶልቨንት ጭራሽ የማትፈልግም አለች! ካናዳ፣ ዋተርሉ ውስጥ ያኑሽ ፓቭሊሺን እ.ኤ.አ. በ1990 ግድም ያስተዋወቃት ፀጉር መሳይ ቀጭን ፋይበር፤ ከናሙናው በላይ ባለው አየር ውስጥ ትንጠለጠላለች፣ የሚተነውን ትሰበስባለች፣ በቀጥታ ወደ ማሽኑ ትገባለች። እኛ ሊትር በሊትር ስናፈስ የኖርነውን!

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈነድቀኝ ግን ዘዴው ራሱ መፈተኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኢኮ ስኬል ከ100 ይነሣና ለመርዛማው ኬሚካል፣ ለሚፈጀው ኃይል፣ ለቆሻሻው ነጥብ ይቀንሳል፤ ከ75 በላይ ያገኘ እጅግ አረንጓዴ፣ ከ50 በታች የቀረ የወደቀ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ለናሙና ዝግጅት ብቻ ተብሎ አግሪፕሬፕ መጣ። አሥር ጥያቄ ይጠይቃል፤ ናሙናው እዚያው በተገኘበት ቦታ ይዘጋጃል ወይ? ሶልቨንቱ ምንድን ነው? ዕቃው ተመልሶ ያገለግላል ወይም ታዳሽ ነው ወይ? ቆሻሻው ስንት ነው? በሰዓት ስንት ናሙና? መብራትስ ምን ያህል ይበላል? የሚሠራው ሰው ደኅና ነው ወይ? ከዚያ ከ0 እስከ 1 የሆነ ነጥብ፣ ዙሪያውን ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀባ ክብ ሥዕል ይሰጣችኋል፤ ልክ የትምህርት ቤት ካርድ! ያቺ ውቧ ሶክስሌቴ በዚህ ካርድ ከክፍሉ መጨረሻ ናት። እኔ ግን ያስደሰተኝ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። የሠራተኛው ሳንባ ነጥብ ተሰጠው! ያን ጊዜ ማን አስቦት?

ነጥብ ብቻ ይዞ መሮጥ ግን አይሆንም፤ ይህን በብርቱ እናገራለሁ። አረንጓዴ ሆኖ መርዙን የማያወጣ ዘዴ፣ ቡናውን ንጹሕ ነው ብሎ የሚያሳልፍ፣ ከሶክስሌት የባሰ ጉዳት ያደርሳል። ልጆቹም ይህን ያውቃሉ፤ መጀመሪያ ናሙናው ላይ ከጨመሩት መርዝ ስንት በመቶው ተመልሶ እንደተገኘ ያያሉ፣ ከዚያ ክቡን ይቀባሉ።

ለሦስተኛው ጥያቄ፣ ለሚታደሰው ዕቃ፣ ደግሞ ምን እያመጡ እንደሆነ ብነግራችሁ! የቡና ገለፈት! ተመራማሪዎች ከውኃ ውስጥ ቀለምና ከባድ ብረት ለመያዝ ሞክረውታል። ያን ጊዜ ገለፈቱ ከመፈልፈያው ደጅ ተከምሮ ሲበሰብስ አፍንጫችንን ይዘን ነበር የምናልፈው፤ ዛሬ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ በግራም እየተመዘነ ወደ ላቦራቶሪ ይገባል!