ቡቲዬ፤ በድንበር ከተማ ሠዓሊ ፍለጋ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በያቤሎና በሜጋ አድርጎ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ሞያሌ ይደርሳል። ከናይሮቢ ተነሥቶ በኢሲዮሎና በማርሳቢት በኩል ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድም ርዝመቱ ከዚህ ብዙ አይለይም። እንግዲህ ሞያሌ ከሁለቱ ዋና ከተሞች እኩል የራቀች፣ ለሁለቱም ግን በር የሆነች ከተማ ናት። ስሟ አንድ ሲሆን አካሏ ሁለት ነው፤ ሰሜኑ የኢትዮጵያ፣ ደቡቡ የኬንያ ነው። ቡቲዬ የሚባለው ቀበሌም የሚገኘው በኬንያው ወገን፣ በማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ ነው።

ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች በሞያሌ አንድ የጋራ የድንበር ጣቢያ መርቀው ከፍተዋል። መንገደኛው የአንዱን አገር የመውጫና የሌላውን አገር የመግቢያ ሥርዓት በአንድ ስፍራ እንዲፈጽም ታስቦ የተሠራ ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ደግሞ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው መንገድ አስፋልት ለብሷል። ቀድሞ የጭነት መኪናዎች በአቧራና በድንጋይ ውስጥ ቀናት ይፈጁበት የነበረው ጕዞ ዛሬ በአውቶቡስ በአንድ ቀን ያልቃል። በዚህ አገር ቦረናው፣ ገብራው፣ ቡርጂው፣ ገሪውና ሌላውም ሶማሌ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። በገበያውም ብርና ሽልንግ ጎን ለጎን ይቈጠራሉ። ሻጭና ገዢ በቦረንኛ ሰላምታ ተለዋውጠው በስዋሂሊ ዋጋ ሲከራከሩ፣ በአማርኛም ተስማምተው ሲለያዩ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህ ጽሑፍ የሚናገረው በዚሁ ቀበሌ ስለሚኖሩ አንድ ጡረተኛ አስተማሪና ስለ ፈለጉት ሠዓሊ ነው። አባታቸው በኢትዮጵያ ቦረና፣ በዱብሉቅ ጕድጓዶች ውሃ ሲያወጡ ከኖሩት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ዱብሉቅ «ዘጠኙ ቱላ» ከሚባሉት የቦረና ጥልቅ ጕድጓዶች ይቈጠራል። ከእነዚህ ጕድጓዶች አንዳንዶቹ 30 ሜትር ያህል ይጠልቃሉ። ሰዎች ከሥር እስከ አፍ ድረስ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው የውሃውን ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። ድካማቸውን የሚያስረሳና እጃቸውን አንድ ላይ የሚያንቀሳቅስ ዜማም ያዜማሉ። ስለዚህ የውጭ አገር ሰዎች «የሚዘምሩ ጕድጓዶች» ይሏቸዋል። ከብቶቹም ወደ ገንዳው የሚወርዱት መሬቱን ቀዶ በተሠራ ረዥም ቁልቁለት ነው።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ዐምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ሳይዘንቡ በቀሩ ጊዜ በቦረናና በሰሜን ኬንያ እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። ከብት የሞተበት ሰው ወደ ከተማ ይጠጋል፤ በከተማ የሚያድግ ልጅም ውሃን የሚያውቀው በቦቴ መኪናና በጀሪካን ነው። አስተማሪው የልጅ ልጆቻቸውን ስለ ቅድመ አያታቸው ጕድጓድ ቢጠይቋቸው፣ ከመካከላቸው አንዱ «ቧንቧው የት ነበር?» ብሎ መለሰላቸው። እንግዲህ የአባታቸውን ታሪክ በሥዕል አስነድፈው፣ በቦረንኛ፣ በስዋሂሊና በአማርኛ አጽፈው ለሕፃናት ለማተም የቈረጡት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ገንዘባቸው ግን ከጡረታ አበል የተረፈ ጥቂት ገንዘብ ብቻ ነበር።

ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መናገር ዛሬ «ኮሚክ» እየተባለ ቢጠራም ለእኛ አገር ባዕድ አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ሥዕሎች ከፋፍለው የሚያሳዩት የአገራችን ሠዓልያን ይህንኑ ጥበብ ሲሠሩበት ኖረዋል። በኬንያም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 «ጆ» የሚባል የቀልድና የሥዕል መጽሔት ተመሥርቶ ነበር። በ2010 ደግሞ «ሹጃዝ» የሚባለው የወጣቶች ኮሚክ በነፃ መታደል ጀመረ። በ2018 «ጀምበር» የሚባለው ኢትዮጵያዊ ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጥቷል።

አስተማሪው በመጀመሪያ ያገኙት በናይሮቢ የሚኖር ሠዓሊ በስልክ አንድ ናሙና ላከላቸው። (ናሙና ማለት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለማሳያ የሚቀርብ ጥቂት ሥራ ነው።) ሥዕሉ እጅግ ያማረ፣ ቀለሙም የደመቀ ነበር። ነገር ግን ጕድጓዱን ክብ አድርጎ፣ በላዩም ገመድና መዘውር ሰቅሎ ነበር የሣለው። የጠየቀውም ዋጋ ለአንድ ባለቀለም ገጽ የአስተማሪውን የአንድ ወር አበል እኩሌታ የሚወስድ ነበር። ዋጋው ለሙያው የበዛ አይደለም፤ ለኪሳቸው ግን አልሆነም።

ሁለተኛው በዚያው በሞያሌ የሱቅ ግድግዳ የሚቀባ ወጣት ነው። በሻይ ቤት በር ላይ ብርጭቆ፣ በሥጋ ቤት በር ላይ ፍየል ይሥላል። አስተማሪው የአባታቸውን ጕድጓድ እንዲሥል ቢያዙት፣ ቁልቁለቱን፣ ገንዳውንና በየደረጃው የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ አስቀመጠ።

«ማን አሳየህ፣ ልጄ?» አሉት።

«አጎቴ ከብት ሲያጠጡ አብሬ ወርጄ ነበር፣ ሙዋሊሙ» አለ። ሙዋሊሙ በስዋሂሊ አስተማሪ ማለት ነው።

ወጣቱም ጉድለት ነበረበት። በአንደኛው ሥዕል የሣለው ሰው በሁለተኛው ሌላ ሰው ይመስላል፤ የግድግዳ ቀቢ አንድን ፊት ደጋግሞ መሣል አልለመደምና። ለዚህ መድኃኒቱን ያገኙት ከቀድሞዎቹ የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ነው። እነዚያ ሠዓልያን እያንዳንዱን ቅዱስ በማይለወጥ ምልክት፣ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረሱ፣ ጴጥሮስን በመክፈቻው ያሳውቃሉ። እንዲሁ አባትየው በጥምጥማቸውና በዱላቸው፣ ታናሽ ወንድማቸው በተቀደደ እጅጌው እንዲታወቁ ተስማሙ።

ቀጥሎ የመጣው የውል ነገር ነው። አማርኛ የሚማሩ አንባቢዎቻችን በየመሥሪያ ቤቱ የሚያገኟቸው ቃላት ስለሆኑ እዚህ ላይ ማስታወሱ ይጠቅማል። ውል ሁለት ወገኖች ተስማምተው የሚፈራረሙት ቃል ነው። ቀብድ ደግሞ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከዋጋው ተከፍሎ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። አስተማሪው በመጀመሪያ 32 ገጽ አስበው ነበር። የእያንዳንዱን ገጽ ነገርና የሥዕሉን ብዛት በደብተር ጽፈው ዋጋውን ቢያሰሉት፣ ያላቸው ገንዘብ ለ8 ገጽ ብቻ የሚበቃ ሆነ። ወጣቱም ይህን ባየ ጊዜ ዋጋውን በእኩሌታ ለመቀነስና 16 ገጽ ለመሥራት ፈቃደኛ ሆነ። እርሳቸው ግን እንቢ አሉ።

«አባቴ በጕድጓዱ ውስጥ ሲቆም ከበላዩ ያለው ሰው ዕቃውን ካልተቀበለው ውሃው ይፈሳል። እኔም የአንተን ድካም ሳልቀበል ልጥለው አይገባኝም» አሉት።

ስለዚህ ታሪኩን ወደ አንድ ቀን፣ ይኸውም ከንጋት እስከ ማታ ወዳለው የጕድጓድ ሥራ አሳጠሩት። ሥዕሉ በጥቁር ቀለም ብቻ እንዲሠራ አደረጉ። አንድ ወረቀት ቢታጠፍ 4 ገጽ ስለሚሆን 8ቱ ገጽ በሁለት ወረቀት አለቀ፤ በፎቶ ኮፒም ሊባዛ ይችላል። ቀብዱ ሲሶው እንዲሆን፣ ሌላው ሲሶ ንድፉ ሲያልቅ፣ የቀረው ሥራው ሲረከቡ እንዲከፈል፣ እርማትም ለእያንዳንዱ ገጽ ከሁለት ጊዜ እንዳይበልጥ ተጻፈ። የሠዓሊው ስም በመጀመሪያው ገጽ እንዲወጣ፣ ደራሲውም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ደጋግሞ ማሳተም እንዲችል በውሉ ገባ። የሰዎቹ ንግግር የሚጻፍበት ቦታም ባዶ እንዲተው ተደረገ፤ ቦረንኛው፣ ስዋሂሊውና አማርኛው ሁሉም ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፉ በአንዱ ሥዕል ላይ ቋንቋውን መለወጥ ብቻ ይበቃል።

እኛ በጐበኘናቸው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ገጾች ተነድፈው ነበር። በሦስተኛው ገጽ ላይ ሰባት ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ይታያሉ፤ የሰባተኛው እጅ ከጕድጓዱ አፍ ወጥቶ ውሃውን ወደ ገንዳው ያፈስሳል። «ቧንቧው የት ነበር?» ያለው የልጅ ልጃቸው ሥዕሉን በጣቱ እየተከተለ ከሥር እስከ ላይ ሰዎቹን ቈጠረ። ቀጥሎም ቅድመ አያቱ የትኛው እንደሆኑ ጠየቀ፤ ባለጥምጥሙንም ራሱ አገኘው።

ታሪኩን በሥዕል ሊያወጣ የሚሻ ሰው፣ ገንዘቡ ጥቂት ቢሆን፣ አስቀድሞ ነገሩን በገጽ ከፋፍሎ ይጻፍ፤ ዋጋ ከፍሎ አንድ ናሙና ያሠራ፤ የሚሣለውን ነገር በዐይኑ ያየ ሠዓሊ በአቅራቢያው እንዳለ ይጠይቅ። ገንዘቡ አልበቃ ቢለው መጽሐፉን ያሳጥር እንጂ የሠዓሊውን ዋጋ አያሳንስ።