ሐዋሳ ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። የላብ ሪፖርቷን አየሁት፤ ዓላማ፣ መሣሪያዎች፣ አሠራር፣ ሁሉም በሥርዓቱ ተጽፏል፣ ሰንጠረዡም በማስመሪያ ተሰምሯል። «ውጤት» የሚለው ጋ ግን 94 ተጽፎ ተሰርዞ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኗል። «ምነው?» ብላት «መጽሐፉ 100 ነው የሚለው፤ የቡድናችን ልጆችም ሁሉም እንደዛ ነው የጻፉት» አለችኝ።

ቴርሞሜትሩ እኮ አልዋሸም! 100 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከፍ ባልን ቁጥር የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃም በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። እዚህ 94 ገደማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ 92 ገደማ ላይ መሆኑ ነው። (ደጋ ላይ ንፍሮ ቶሎ አልበስል የሚለውም ለዚሁ ነው።)

የቆጨኝ፣ ከሪፖርቱ ሁሉ ደስ የሚለው ነገር መሰረዙ ነው። «ለምን ከ100 አነሰ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መደምደሚያውን ይሞላው ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ማርክ መቀነስ ካለበት ሳይለካ 100 ብሎ ከጻፈው ነው።

የሳይንስ መምህራን፣ እባካችሁ፣ 94 ብሎ የጻፈ ተማሪ ሲያጋጥማችሁ ኤክስ ከማድረጋችሁ በፊት ለምን እንደሆነ ጠይቁት።