ቁጥሩ እያነሰ ሲሄድ



ባለቤቴና እኔ ኑሯችንን በጀርመን አገር ካደረግን ብዙ ዓመታት ሆነን። እኔ ቀን አስተምራለሁ፤ እርሷ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ትሠራለች። እርሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ። ከልጆቻችን ጋር የምንነጋገረው በአብዛኛው በማቀዝቀዣው በር ላይ በምንለጥፋት ብጣሽ ወረቀት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ሁለታችንም በአንድ ጊዜ የዐሥር ቀን ዕረፍት ስናገኝ፣ «የትም ይሁን፣ ብቻ አራታችንም አብረን የምንውልበት ቦታ እንሂድ» ብለን ብስክሌቶቻችንን በባቡር ጭነን ወደ ፓሳው አመራን።

ፓሳው በጀርመንና በኦስትሪያ ድንበር ላይ የምትገኝ፣ ዳኑብ፣ ኢን እና ኢልዝ የተባሉት ሦስት ወንዞች የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከዚያ እስከ ቪየና ዳኑብን ተከትሎ የሚወርደው የብስክሌት መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ርቀቱን የሰማ ሁሉ ይደነግጣል። ነገር ግን መንገዱ በአብዛኛው ሜዳ ነው። ሞተር ባልነበረበት ዘመን ጀልባዎችን በገመድ ሽቅብ የሚጎትቱት በወንዙ ዳር የሚሄዱ ፈረሶች ነበሩ፤ የዛሬው መንገድ በብዙ ቦታ የእነዚያ ፈረሶች መንገድ ነው። ስለዚህ የዘጠኝ ዓመቱ ልጃችን እንኳ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ።

ዳኑብ አንድ ልዩ ነገር አለው። ርቀቱ የሚለካው ከምንጩ ሳይሆን ጥቁር ባሕር ከሚገባበት ከሱሊና ጀምሮ ወደ ላይ ነው። በመሆኑም ቁልቁል ለሚሄድ መንገደኛ በዳርቻው የተተከሉት ቁጥሮች እያነሱ ይሄዳሉ። ፓሳው ላይ 2226 ገደማ የነበረው ቁጥር ቪየና ሲደርስ 1929 ገደማ ይሆናል። ትንሹ ልጃችን የቁጥር አንባቢያችን ሆነ። በ2000 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የቫካው ሸለቆ ካለፍን በኋላ፣ ከክሬምስ ወረድ ብለን 2000 ቁጥር ላይ ስንደርስ ብስክሌቱን ጥሎ ጨፈረ። ከሸለቆው ገበሬ የገዛነውን አፕሪኮት እዚያው ተቀምጠን ጨረስነው።

የመጨረሻዋን ሌሊት ያደርነው ቱልን በምትባል ከተማ ነው። ቁጥሩ 1963 ገደማ ደርሷል። ልጁ «ነገ እንገባለን!» እያለ ሲዘል፣ የዐሥራ ሦስት ዓመቷ እህቱ ግን እራቷን ሳትነካ ዝም አለች።

«ምነው ልጄ፣ ደከመሽ?» አልኳት።

«አልደከመኝም አባዬ። ቁጥሩ ባያንስ ደስ ይለኝ ነበር። ቪየና ከገባን በኋላ እናንተን የት ነው የማገኛችሁ?»

መልስ አልነበረኝም። እናቷም አቀርቅራ ሰሃን መሰብሰብ ጀመረች።

እኔ ግን አመሌ አልለቀቀኝም። በማግሥቱ ሱብሒን ሰግደን ተነሥተን ለዙሁር ቪየና እንድንገባ አስቤ ነበር። ግራይፈንሽታይን አካባቢ ስንደርስ የትንሹ ጎማ ተነፈሰ። ሰዓቴን አየሁና ተቆጣሁ። መሣሪያውን ልቀማ ስል ባለቤቴ፣ «ባቡሩ ነገ ነው። ምን ያስቸኩልሃል? ለእርሷ ተውላት» አለችኝ። ልጅቷ ከመነዳሪውን አወጣች፤ ነፍታ ወንዙ ውስጥ ነከረችውና አረፋ የሚወጣበትን ፈለገች። ቀዳዳውን ስታገኝ ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ በማስቲሽ ለጠፈችው። ማስቲሹ እስኪይዝ ሣር ላይ ተቀመጥን።

እዚያ ነው፣ ዓይኗን ከጎማው ሳታነሣ፣ በሒሳብ ፈተና ሁለት ጊዜ መውደቋን የነገረችን። ትምህርት ቤቱ የወላጅ ፊርማ ይጠይቃል። እናቷ ከሌሊት ሥራ ተመልሳ በእንቅልፍ ዓይኗ ሳታነብ ፈርማበት ኖሯል። ውድ አንባብያን፣ እኔ የሰው ልጆችን ወረቀት ሳርም የማመሽ መምህር ነኝ! የራሴን ልጅ ወረቀት ግን አላየሁም። ያን ዕለት አልተቆጣሁም፤ በማን ላይ እቆጣለሁ? እናቷ አቀፈቻት። እኔም «አውፍ በይኝ» አልኳት። ሁለት ሰዓት ተኩል እዚያው ቆየን፤ በጉዞው ሁሉ እንደዚያ ያለ ዕረፍት አላረፍንም።

ቪየና የገባነው ረፋድ ላይ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ነው። በከተማው መሐል ለጎርፍ መከላከያ ተብሎ በሰው እጅ የተሠራው የዳኑብ ደሴት 21 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በእርሱ ላይ ስንነዳ ከማዶ ሚናራ ታየን፤ በ1979 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የቪየና እስላማዊ ማእከል መስጊድ ነው። ትንሹ ቁጥር መቁጠሩን ትቶ «ያ ነው! ያ ነው!» አለ። ዐስርን እዚያ ሰገድን። ስንወጣ ልጅቷ ብስክሌቷን ይዛ ወንዙን ስታይ ቆየች፤ አላጣደፍኳትም።

ቤት ከተመለስን በኋላ ባለቤቴ አለቃዋን ጠይቃ የእሑድ ሌሊቷን አስቀየረች። እሑድ ማታ ስልክ ዘግተን አራታችንም በብስክሌት እንወጣለን፤ ሲዘንብ እቤት ተቀምጠን እንጨዋወታለን። ሁሌም ተሳክቶልናል አልልም፤ ያመለጡን ሳምንታት አሉ። ወረቀቷም ከማቀዝቀዣው በር ላይ ጨርሳ አልጠፋችም። ነገር ግን የፈተና ወረቀት ሲመጣ ሁለታችንም አንብበን እንፈርማለን።

እንዲህ ላለ ጉዞ ዳኑብ ድረስ መሄድ ግድ አይደለም። ሜዳ መንገድ፣ የጎማ መለጠፊያና የማያስቸኩል ቀን ካለ ይበቃል። ከሁሉም የሚከብደው ሦስተኛው ነው። አላህ ከልጆቻችን ጋር የምናሳልፈውን ጊዜ በረካ ያድርግልን። አሚን።