ጥርስ ቁጥር 30

ታላቅ እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ ነው የምትተዳደረው። ከደሞዟ የሚቆረጥለት የጥርስ ኢንሹራንስ በዓመት ከ1,500 ዶላር በላይ አይከፍልም። ተጠቀመችበትም አልተጠቀመችበትም ዓመቱ ሲዞር ይቃጠላል።

ለመንጋጋዋ ሩት ካናል ተሠራላት፤ ከ1,000 ዶላሩ ኢንሹራንሱ 800 ሸፈነ። ከላዩ የሚደፋው ክዳን፣ የክራውኑ ዋጋ 1,400 ነው፤ ግማሹ ሲከፈል የዓመቱ ገንዘብ ልክ አለቀ። ጥርሷን ሞርደው ጊዜያዊ ክራውን ለጠፉላትና ዋናው እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ጠብቂ አሏት። በመሐል አባታችን አረፈ። አዲስ አበባ ሄዳ አርባውን አውጥታ ስትመለስ ጊዜያዊው ወልቋል፣ ክሊኒኩም ባለቤት ቀይሯል፤ የሚያውቃት የለም።

ሌላ ሐኪም ራጅ አንስቶ ክራውን ቢጠይቅላት፣ ኢንሹራንሱ «ለዚህ ጥርስ ከፍለናል፤ ሌላ የምንከፍለው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው» ብሎ መለሰው። 1,400 ዶላር ከየት ታምጣ? በግራ በኩል እያኘከች ቆየች። ሩት ካናል የተሠራለት ጥርስ ክዳን ካጣ ደግሞ በቀላሉ ይሰባበራል፤ የእሷም እስከ ሥሩ ተሰንጥቆ ተነቀለ።

ወረቀቶቿን ያገላበጥኩት ከዚያ በኋላ ነው። ከኢንሹራንሱ የመጣ ደብዳቤ አናቱ ላይ በደማቁ «ይህ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም» ይላል። እንዲህ ከተባለ ማን ያነበዋል! ዝቅ ሲል ግን ጥርስ ቁጥር 30፣ ኮድ ዲ 2740፣ ክራውን የተገጠመበት ቀን ተብሎ ሰፍሯል። በዚያ ቀን እህቴ አዲስ አበባ ለቅሶ ላይ ተቀምጣለች። የፓስፖርቷ ማህተም አለ። ሐኪሙ ያነሳው ራጅም አለ፤ ክራውን ቢኖር ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር፤ የሚታየው የተሞረደ ጉቶ ነው። የመጀመሪያው ክሊኒክ ሰዎች ያላከሙትን አከምን ብለው የወሰዱት 700 ዶላር ከኢንሹራንሱ ካዝና ብቻ የወጣ አይደለም፤ የእሷ ዓመት ነው። ስርቆት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

«ለአንድ ጥርስ ብዬ ከሰው ልካሰስ? ተወው፣ የእጃቸውን ይስጣቸው» ትለኛለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ክስም ጠበቃም የማያስፈልግ የነበረ መሆኑ ነው። ጥያቄው ውድቅ ከተደረገበት ቀን አንስቶ 180 ቀን የይግባኝ ጊዜ ነበራት። ራጁ ሐኪሙ ፋይል ውስጥ፣ ፓስፖርቱና ደብዳቤው እሷው መሳቢያ ውስጥ፣ አንዱ ከሌላው ላይ ተነባብረው ከርመዋል።

ለኢንሹራንሱ ደወልኩ። ሠራተኛዋ ያለኝን አንድ በአንድ አስቆጥራኝ፣ ማስረጃው አንድም የጎደለው እንደሌለ፣ ቀኑ ግን እንዳለፈ ነገረችኝ።