ተርጓሚ ያወጣው ስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ የንግድ ማኅበርን ስም ግን ያወጣው ተርጓሚ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥተህ ወደ ለገጣፎ ስትመጣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከተሰቀሉት ሰሌዳዎች ላይ «ኃ.የተ.የግ.ማ.» የሚል ጽሑፍ ሳታነብ አታልፍም። ሲዘረዘር «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ማለት ነው። ለመሆኑ የተወሰነው ኃላፊነት የቱ ነው?

እኔ በዚሁ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ይህንኑ ጥያቄ ለተማሪዎቼ ባቀርብላቸው አንዱ ተነሥቶ «ለሠራተኛውም ለደንበኛውም እምብዛም የማያስብ ድርጅት ማለት ነው» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ ልጁ ግን ቃሉን እንደ ተጻፈው መተርጐሙ ነበር። በዕለት ንግግራችን ኃላፊነት ስንል አደራንና ግዴታን እናስባለንና። እንግሊዞች «ላያቢሊቲ» የሚሉት ቃል ግን በሒሳብ መዝገብ ሲገኝ ዕዳ ነው፤ በሕግ ሲነገር ደግሞ ለዕዳ ተጠያቂ መሆን ነው።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀውን የንግድ ሕጋችንን ያረቀቁት ዣን ኤስካራና አልፍሬድ ዦፍሬ የተባሉ የፈረንሳይ ሊቃውንት ነበሩ። ስለዚህ ተርጓሚው ለባዕድ አሳብ የአገር ልብስ መስፋት ነበረበት። አንዳንዱን ቃል፣ ለምሳሌ «አክሲዮን»ን፣ ከነልብሱ አስገባው፤ ሌላውን በአማርኛ አለበሰው። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቍጥር 1243 ሲወጣም ይህ የማኅበር ስም አልተለወጠም።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልህ። ሦስት የሰፈሬ ወጣቶች የብሎኬት ማምረቻ ለማቋቋም ሲመክሩ፣ ሽርክና የሚለው ቃል የወንድማማችነት ድምፅ ስላለው እርሱን መረጡ። ነገር ግን በኅብረት ሽርክና ማኅበር ውስጥ ሥራው ዕዳ ቢያመጣ እያንዳንዱ ሸሪክ በግል ንብረቱ ጭምር ለጠቅላላው ዕዳ ይጠየቃል። ከሦስቱ አንዱ ከአባቱ የወረሳት ቤት አለችው። በኃ.የተ.የግ.ማ. ግን አባሉ እንደ ደንቡ የሚያጣው ያዋጣውን ብቻ ነው፤ በራሱ ፈቃድ ለባንክ ዋስ ሆኖ ካልፈረመ ወይም ቤቱን ካላስያዘ በቀር። ይህን ሲሰሙ ወረቀቱን አቁመው ወደ ሕግ ዐዋቂ ሄዱ።

እንግዲህ ተማሪም ሆንህ በቢሮ ደብዳቤ የምትተረጕም ጸሐፊ፣ መዝገበ ቃላቱን ከዘጋህ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምር፦ «በዚህ ቃል መሠረት የሚከፍለው ማን ነው?» «ኪሳራ» የሚለውን ብታገኝ፣ የዓመቱ ሒሳብ ጉድለት ነው ወይስ ዕዳውን መክፈል ያቆመ ነጋዴ በፍርድ ቤት የሚታወጅበት መክሰር? የመጀመሪያው በሚመጣው ዓመት ይካሳል፤ ሁለተኛው ሱቁን ያዘጋል። በአማርኛ ሁለቱም አንድ ስም አላቸው፤ የሚለያቸው የአንተ ጥንቃቄ ነው።