ላፕቶፑ ሞተ ማለት ፋይሉ ሞተ ማለት አይደለም

ሰሞኑን ኢንቦክስ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ላፕቶፔ አልነሳ አለ፣ ውስጡ ያለውን እንዴት ላውጣ?» አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ አንዲት ሳጥን ናት። ገበያ ላይ «ኬዝ» ነው የምንላት። ኤስኤስዲውን ከላፕቶፑ ፈትታችሁ ውስጧ ታስገባላችሁ፣ ከዚያ እንደ ፍላሽ በዩኤስቢ ትሰካላችሁ፣ አለቀ። ግን ኬዝ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ድሬ ላይ ደግሞ በተለይ። ረዘም ይላል፣ ሆጃችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

እኔ ይህን ነገር በደንብ ያጠናሁት በእህቴ ላፕቶፕ ምክንያት ነው። ቻርጅ ላይ እያለ መብራት ሄዶ መጣ፣ ከዚያ ወዲህ ምንም ብትጫኑት ጸጥ። ላፕቶፑስ ይቅር። ውስጡ ግን አባዬ አለ። አባዬ ዕድሜውን ምድር ባቡር ጋራዥ የጨረሰ ሰው ነው። ከማረፉ በፊት እህቴ በስልኳ ቁጭ አድርጋ ቀርጻው ነበር፣ 40 ደቂቃ። ስለ ባቡሩ፣ ስለ ለገሃሬ፣ ስለ ጓደኞቹ፤ የመፍቻዎቹን ስም ሁሉ በዚያ በድሬ ፈረንሳይኛው እየጠራ። ስልኩ ከተሰረቀ ቆይቷል። ያለው ቅጂ ያ ላፕቶፕ ላይ ያለው ብቻ ነው።

አንድ ጠጋኝ «ቦርዱ ካልተሠራ ፋይሉ አይወጣም» ብሎ ለቦርዱ የላፕቶፑን ግማሽ ዋጋ ጠራ። ይህ ትክክል አይደለም። ፋይሉ ያለው ኤስኤስዲው ላይ ነው፣ ኤስኤስዲው ደግሞ በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ በአንድ ብሎን የታሰረ ነው። (አዲሶቹ ማክቡኮች ላይ ግን ቦርዱ ላይ ተበይዶ ስለሚመጣ ይህ ዘዴ አይሠራም። እዚያ ላይ ጠጋኙ ልክ ነው።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኬዝ ከመግዛታችሁ በፊት ላፕቶፑን ክፈቱና ያለውን ዕዩ። ካርድ የሚያክል፣ ጠፍጣፋ፣ በቆርቆሮ ወይም በፕላስቲክ የተሸፈነ ከሆነ 2.5 ኢንች ሳታ ነው። ደስ ይበላችሁ፣ ለሱ ርካሹ የፕላስቲክ ኬዝ ይበቃዋል። ከ550 ሜጋባይት በሰከንድ አያልፍም፣ ብዙም አይሞቅም።

እንደ ማስቲካ ቀጭንና ረዘም ያለች እርቃኗን የሆነች ቦርድ ካገኛችሁ ግን ኤም ዶት ቱ ነው፣ ጣጣው እዚህ ይጀምራል። መልካቸው አንድ ሆኖ ጠባያቸው የተለያየ ሁለት ዓይነት አለ፤ ሳታና ኤንቪኤምኢ። ወርቃማው ጫፍ ላይ ሁለት ክፍተት ካለ ብዙ ጊዜ ሳታ ነው፣ አንድ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ኤንቪኤምኢ። «ብዙ ጊዜ» ያልኩት ሁለት ክፍተት ያላቸው ኤንቪኤምኢዎችም ስላሉ ነው። ስለዚህ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ፣ ወይም ሞዴሉን ጎግል አድርጉ። ርዝመቱንም ዕዩ። 2280 የሚል ካለ 22 ሚሊሜትር ስፋት፣ 80 ሚሊሜትር ርዝመት ማለት ነው። 2242 እና 2230 የሚሉ አጫጭሮችም አሉ፣ ኬዙ ለነሱ የብሎን ቦታ ሊኖረው ይገባል።

የእህቴ ኤም ዶት ቱ ሳታ ሆነ። ታይዋን ወረድኩ። አንዱ ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ ገና ጥያቄዬን ሳልጨርስ አንዱን ብድግ አደረገልኝ።

«አቦ ውሰደው፣ ለሁሉም ይሆናል።»

ካርቶኑን አገላብጬ ሳየው ኤንቪኤምኢ ብቻ ይላል። «ይሄ እኮ ሳታ አያነብም» ስለው፣ «ቀዳዳው አንድ ነው አቦ፣ ይገባል» አለኝ።

መግባቱንማ ይገባል! ሁለት ክፍተት ያለው ሳታ ኤንቪኤምኢ ኬዝ ውስጥ ቁጭ ይላል፣ መብራቱም ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም። ብዙ ሰው ቤቱ ወስዶ ሲሰካው ዝም ሲለው «ኤስኤስዲው ተቃጥሏል» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። እንደዚያ ተብሎ ሊጣል የነበረ ደህና ኤስኤስዲ በዓይኔ አይቻለሁ። ልዩነቱ ኬዙ ውስጥ ያለችው ቺፕ ናት። ጄኤምኤስ 583 እና ኤኤስኤም 2362 የሚባሉት ኤንቪኤምኢ ብቻ ያነባሉ። አርቲኤል 9210ቢ ሁለቱንም ያነባል። ምን ዓይነት እንዳላችሁ ካላወቃችሁ፣ ወይም ወደፊት የሌላ ሰው ላፕቶፕም ሊገጥማችሁ ከሆነ፣ ሁለቱንም የሚያነበውን ግዙ። ትንሽ ይወደዳል፣ ግን አንዴ ነው። ሻጩ ቺፑን ካላወቀ (አያውቅም) ካርቶኑ ላይ ሳታም ኤንቪኤምኢም ተብሎ መጻፉን ዕዩ፣ ሱቁ ውስጥ ላፕቶፕ ካለ ደግሞ እዚያው ሰክታችሁ ሞክሩ። የማያስሞክር ሱቅ ካጋጠማችሁ ወደ ቀጣዩ ሂዱ፣ ታይዋን ሱቅ አይጠፋም።

ሁለተኛው ነገር ሙቀት። ዩቲዩብ ላይ ሪቪው የሚሠራው ሰውዬ ክፍሉ 22 ዲግሪ ነው። እኛ ሰኔ ላይ ቤት ውስጥ 35 እናያለን። ኬዙ ሥራ ሳይጀምር 13 ዲግሪ ተበልተናል ማለት ነው። ኤንቪኤምኢ ትልቅ ፋይል ሲገለብጥ በጣም ይሞቃል፣ ወደ 70 እና 80 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ይነቀላል። ኮፒው 60 ፐርሰንት ላይ «ዲቫይሱ የለም» የሚላችሁ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ስለዚህ ለኤንቪኤምኢ ፕላስቲክ ኬዝ ድሬ ላይ አልመክርም። አሉሚኒየም፣ በውስጡ ደግሞ ኤስኤስዲውን ከክዳኑ ጋር የሚያገናኝ ለስላሳ የሙቀት ፓድ ያለው ይሁን። ፓዱ ላይ ያለውን ላስቲክ መላጥ አትርሱ። ኬዙ በእጃችሁ ሲነካ ቢያቃጥል አትደንግጡ፣ ሙቀቱን እያወጣ ነው ማለት ነው። መደንገጥ ያለባችሁ ውስጡ እየነደደ ውጪው ቀዝቃዛ ሲሆን ነው። ፋን ያለውን በግሌ አልወደውም፣ የሳቢያንን አቧራ ስቦ ያስገባል።

ፍጥነት ላይ ብዙ ገንዘብ አታፍስሱ። 10 ጊጋቢት የሚለው በቂ ነው፣ በተግባር ወደ 1,000 ሜጋባይት በሰከንድ ይሰጣል። 20 እና 40 የሚሉት የሚጠቅሙት ላፕቶፓችሁ ያንን የሚችል ቀዳዳ ካለው ብቻ ነው፣ የብዙዎቻችን የለውም። ከኬዙ ይልቅ ገመዱን ዕዩ። የስልክ ቻርጀር ገመድ ሁለቱም ጫፍ ዩኤስቢ ሲ ስለሆነ ብቻ ፈጣን አይደለም፣ አብዛኛው ውስጡ ዩኤስቢ 2 ነው። በሱ 40 ሜጋባይት በሰከንድ ብታገኙ ነው፤ 100 ጊጋባይት ለመገልበጥ 40 ደቂቃ ያልፋል። በትክክለኛው ገመድ በ500 ቢሄድ ከ4 ደቂቃ በታች። ከካርቶኑ ጋር የመጣውን ገመድ አትለዩት።

ኬዙን ገዝቼ ቤት ገባሁ፣ ሰካሁት፣ ታየ። ከዚያ ዊንዶውስ ቁልፍ ጠየቀኝ። ይህን ልብ በሉ፤ አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ብዙ ጊዜ ዲስኩን በራሳቸው ይቆልፉታል፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩት ቢትሎከር 48 አሃዝ ይጠይቃል። ቁልፉ አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። እህቴ የድሮ ኢሜሏን ለመክፈት ሁለት ቀን ፈጀባት፣ እነዚያን ሁለት ቀናት አላወራቸውም። ገባ። ቪዲዮው ተከፈተ። እማዬ ድምፁን ሰምታ ከጓዳ መጣች፣ በሩ ላይ ቆማ ሙሉውን 40 ደቂቃ አየች፣ ቁጭ በይ ብንላትም አልተቀመጠችም።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ስትሰኩት «ፎርማት ላድርገው?» ካለ፣ አይ በሉ። ሁሌም አይ።

ኬዝ ካወጣችሁበት በኋላ ኤስኤስዲውን እንደ መዝገብ መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት አትርሱት። ጄዴክ የሚባለው የኢንዱስትሪው መለኪያ ለተራ ተጠቃሚ ኤስኤስዲ የሚጠይቀው፣ የመጻፊያ ዕድሜውን ጨርሶም ቢሆን ያለ ኤሌክትሪክ በ30 ዲግሪ አንድ ዓመት ዳታ እንዲይዝ ነው። አዲስ ኤስኤስዲ ከዚያ በጣም የተሻለ ይይዛል፣ ግን ሙቀት ሲጨምር ጊዜው ያጥራል፣ 30 ዲግሪ ደግሞ ለኛ ቀዝቃዛ ቀን ነው። በየጥቂት ወሩ ሰኩት፣ ፋይሎቹን ክፈቱ።

አንድ ቅጂ ደግሞ ሌላ ሰፈር ይቀመጥ። በ1998 ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደው፣ የተረፈውም ሰው ከቤቱ አንድ ፎቶ ያላወጣ ስንት አለ። የሠርግ ፎቶ የሌላቸው ባልና ሚስት አውቃለሁ፣ ልጆቻቸው ሲጠይቋቸው በአፍ ነው የሚነግሯቸው። የአባዬ ቪዲዮ አሁን ከዚራ እኔ ጋ አለ፣ ሳቢያን እህቴ ጋ አለ፣ አንዱ ጅቡቲ አጎቴ ጋ።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ «ኬዝ ላክልኝ» ብቻ አትበሉት፣ ያልሆነ ይዞ ይመጣል። እንዲህ ብላችሁ ጻፉለት፦ ለኤም ዶት ቱ፣ ሳታም ኤንቪኤምኢም የሚያነብ፣ 10 ጊጋቢት፣ አሉሚኒየም፣ ከነገመዱ። ዩግሪንም ኦሪኮም ሳብሬንትም ይሠራሉ፣ ግን አንዱ ብራንድ ራሱ ብዙ ሞዴል ስላለው ስሙን ሳይሆን የተጻፈውን ያንብብ። ዋጋ የማልጽፈው ሳምንት ሳይሞላው ስለሚቀየር ነው።

የከበዳችሁ ካለ የኤስኤስዲውን ፎቶ፣ ጽሑፉና ወርቃማው ጫፍ እንዲታይ አድርጋችሁ ኮመንት ላይ አስቀምጡ፣ ማታ ማታ እመልሳለሁ። ሲሪያል ቁጥሩን በጣታችሁ ሸፍኑት።